ስስ ድንጋይ፣ ወፍራም ግድግዳ

ላሊበላ ሄዶ ቤተ አማኑኤልን በቅርብ ያየ ሰው ግድግዳው ላይ አግድም የሚሄዱ መደቦችን ያስተውላል። አንዱ መደብ ወጣ ይላል፣ ቀጣዩ ገባ ይላል፣ ከላይ እስከ ታች እንዲሁ እየተፈራረቁ ይወርዳሉ። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ሲክቡ የሚወጣው መልክ ይኸው ነው። ቤተ አማኑኤል ላይ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተካበም፤ እንጨትም አልገባበትም። ሕንጻው አንድ ወጥ አለት ነው። ጠራቢዎቹ አለቱን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ሲወርዱ፣ ተክቦ የተሠራ ግድግዳ የሚኖረውን መልክ ሆን ብለው አወጡለት።

የተካበው ግድግዳ በእውን ምን ይመስል እንደነበር ደብረ ዳሞ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያሳያል። ረጃጅም እንጨቶች በግድግዳው ውስጥና ውጭ ፊት አግድም ይጋደማሉ። ሁለቱን ፊቶች የሚያያይዙ አጫጭር ግንዶች ደግሞ ግድግዳውን አቋርጠው ያልፋሉ። የእነዚህ ግንዶች ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ይህ ጫፍ የማሰሪያው መጨረሻ እንጂ ለጌጥ ብቻ የተጨመረ ነገር አይደለም። የአክሱም ሐውልቶችን የቀረጹ ሰዎችም ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፤ ባለ 13 ፎቅ ሕንጻ ሆኖ ነው የተቀረጸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው ደግሞ 24 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ላይ ከታች በር አለ፣ ከላይ መስኮት በመስኮት ላይ ይደረደራል፣ የዝንጀሮ ራሶቹም በረድፍ ወጥተው ፎቅን ከፎቅ ይለያሉ። በሩ መሬት ላይ ነው፤ መስኮቱ ከወለሉ በላይ ነው፤ ማሰሪያው ማሰሪያ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ነው።

ስለዚህ አስመስሎ መሥራት በራሱ ያሳፍራል የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። የአክሱምና የላሊበላ ጠራቢዎች የተካበ ግድግዳ በምን እንደሚቆም አብጠርጥረው ያውቁ ነበርና ሥራቸው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላም ያሳምናል። ዛሬ ቤቶቻችን ላይ የምንለጥፈው ስስ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ዐይን የሚያሳምመው ይህ እውቀት ሲጎድለው ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያ እውቀት ነው፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ድንጋይ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ መስሎ እንዲታይ ምን መደረግ እንዳለበት።

በከተሞቻችን አሁን የሚሠራው ቤት በኮንክሪት ኮለንና በብሎኬት የሚቆም ነው። ድንጋዩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የግንባታ ሰዎች ክላዲንግ ይሉታል። ከአምቦ አካባቢ የሚመጣው አሸዋማ ድንጋይ አለ፣ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ በቅርጽ ማውጫ ተጥሎ ቀለም የገባበት የሲሚንቶ «ድንጋይ»ም አለ። ወደ ድሮው ግንብ እንመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ግማሽ ሜትር የሚወፍር ግድግዳ ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ስፋት ይበላል፣ ጉልበቱም ዋጋውም ከባድ ነው። ብረት የሌለው የድንጋይ ግንብ ለመሬት መንቀጥቀጥ ደካማ መሆኑም የታወቀ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ጎረቤት የሆነ ከተማ ይህን ሊዘነጋ አይገባም። ኮንክሪቱ ቤቱን ይሸከም፤ ድንጋዩ ያልብሰው። ልብሱ ግን በልክ የተሰፋ ይሁን።

ልኩ የሚገኘው እውነተኛ ግንብ እንዴት እንደሚሠራ በማየት ነው። የድንጋይ ግንብ ሁለት ፊት አለው። በመሃል ያለው ክፍተት በትናንሽ ድንጋይና በጭቃ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ይሞላል። በየተወሰነ ርቀት ረጃጅም ድንጋዮች ከፊት ወደ ኋላ ገብተው ሁለቱን ፊቶች ያስራሉ። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከታችና ከማዕዘን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ይጋደማል፤ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከታች እስከ ላይ እንዳይሄድ።

አንድ አዛውንት ግንበኛ አጥር ሲሠሩ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ረዳታቸው ድንጋይ አቅፎ ይመጣና «ጋሼ፣ ይሄስ ይሆናል?» ይላል። እሳቸው ተቀብለው ወዲያው አያስቀምጡትም። ያገላብጡታል፣ ሰፊውን ፊት ይፈልጋሉ፣ በመዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ መትተው ጉብታውን ያነሱለታል። ረዳቱ ቸኩሎ አንዱን በጠባብ ጎኑ ሊያቆመው ሲል «አታቁመው፣ አስተኛው» አሉት። ድንጋዩ በሰፊ ሆዱ ተኛ፤ ለመንገደኛ የሚታየው ጠባብ ጠርዙ ብቻ ሆነ።

የልባስ ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። ንብር ንብር ሆኖ የሚሰነጠቅ ድንጋይ በተፈጥሮው ሁለት ዓይነት ፊት አለው፤ ሰፊው የንብሩ ፊትና ጠባቡ የጠርዙ ፊት። በግንብ ውስጥ ድንጋዩ ስለሚተኛ ሰፊው ፊት ተደብቆ ጠርዙ ይታያል። ለክላዲንግ የሚመጣው ድንጋይ ግን በንብሩ እየተሰነጠቀ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ስለሚሆን ስንለጥፈው ሰፊው ፊት ወደ ውጭ ይዞራል። ወለል ላይ መነጠፍ የነበረበት ድንጋይ ግድግዳ ላይ ቆመ ማለት ነው። በየግቢው የምናየው ሦስት ማዕዘንና አምስት ማዕዘን ቁርጥራጭ፣ ሾጣጣው ወደ ላይም ወደ ጎንም እየጠቆመ የተለጠፈው፣ በመልኩ የግቢ ንጣፍ ነው። ማንም ሰው የግንብ ትምህርት ባይኖረውም ይህ ድንጋይ በራሱ ሊቆም እንደማይችል ዐይኑ ይነግረዋል።

ጉዳቱ በመልክ ብቻ አያበቃም። አሸዋማ ድንጋይ ንብሩን ወደ ውጭ አዙሮ ሲቆም ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁ ንብር ንብሩን ሊልጡት ይችላሉ። የድሮ ግንበኞች ድንጋዩን ሲያስተኙ የላይኛው ክብደት ንብሮቹን አጥብቆ ስለሚይዛቸው ይህ አያሰጋቸውም ነበር።

መፍትሔው ድንጋዩን ከጠርዙ መቁረጥ ነው። ወፍራም ንብር ወይም ብሎክ ተወስዶ ጠርዙ በመዶሻ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ከጀርባው በማሽን ይቆረጣል። የሚወጣው ቁራጭ ስስ ነው፤ ፊቱ ግን እውነተኛው የጠርዝ ፊት ነው። ርዝመቱ ከቁመቱ ይበልጣል፣ ግድግዳ ላይ ሲገባ ይተኛል። ድንጋይ አቅራቢው ዘንድ ሲኬድ መጠየቅ ያለበት ከቀለሙ በፊት ይህ ነው። ዋጋው ይጨምራል፤ ብክነቱም አለ። ገንዘቡ ካልበቃ ሙሉውን ቤት በንጣፍ ድንጋይ ከማልበስ አንዱን ግድግዳ ብቻ በጠርዝ ድንጋይ ማልበስና ሌላውን በደንብ መለሰን ይሻላል።

ቀጥሎ ማዕዘን ነው፤ ውሸቱ ቶሎ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ሁለት ስስ ድንጋዮች በግድግዳው ጠርዝ ላይ ሲገናኙ የአንዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት በጎን ይታያል። አንዳንዶች ሁለቱንም በ45 ዲግሪ ቆርጠው ያጋጥሟቸዋል። ለተወለወለ እምነበረድ ይህ ያምራል፤ ሸካራ ድንጋይ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ምላጭ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል፣ በእውነተኛ ግንብ ማዕዘን ላይ የማይታይ ነገር ነው። በግንብ ማዕዘን ላይ ትልልቅ ጥርብ ድንጋዮች ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ረጅም ጎኑን ወደ ቀኝ ከሰጠ ከሱ በላይ ያለው ወደ ግራ ይሰጣል። ይህን ለማግኘት ከወፍራም ድንጋይ ሁለት ክንፍ ያለው ቁራጭ ይቆረጣል፤ አንዱ ክንፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሌላው የዚያ ግማሽ። ሲደረደሩ ረጅሙ ክንፍ እየተቀያየረ ይሄዳል። አቅም ካለ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አለ። ከመሠረቱ ተነስቶ ማዕዘኑን ብቻ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚወፍር ሙሉ ድንጋይ መካብና ከኮንክሪቱ ጋር በብረት ማሰር ነው። ማዕዘኑ እውነተኛ ድንጋይ ሲሆን መካከሉ ላይ ያለው ስስ ልባስ ጥርጣሬ አይነሳበትም።

ከማዕዘን ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ቤት ላይ ድንጋዩ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ይሸፍንና ልክ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ጎኑ ቀለም የተቀባ ልስን ነው። መንገደኛ ግን ቤትን ከፊት ለፊት ብቻ አያይም፤ በአግድሙ እየቀረበ ነው የሚያየው። ድንጋዩ የሚያበቃበት ቦታ ግድግዳ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት ማዕዘን መሆን አለበት፤ እዚያ ከሌላ ግድግዳ ጋር ስለሚጋጭ ውፍረቱን ማንም አያይም።

መስኮትና በር ላይ ጥያቄው አንድ ነው፤ ከላይ ያለውን ድንጋይ ማን ተሸከመው? በጎንደር የፋሲል ግንብ ላይ በሮቹና መስኮቶቹ ከላይ ቅስት አላቸው፤ ዙሪያቸው ቀላ ባለ ጥርብ ድንጋይ የተሠራ ነው፣ ቀሪው ግድግዳ ጥቁር ድንጋይና ኖራ ነው። ቅስቱ ክብደቱን ወደ ሁለቱ ጎን ሲያወርድ በግልጽ ይታያል። በልባስ ቤት ላይ ከመስኮቱ በላይ ትናንሽ ድንጋዮች በአየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ በእርግጥ የያዛቸው ከጀርባ፣ ከመስኮቱ በላይ የተጋደመው ኮንክሪት፣ አርኪትራቩ ነው፤ እሱ ግን አይታይም። ስለዚህ አንድ ረጅም ወጥ ድንጋይ ከመስኮቱ በላይ ይጋደም፤ በየጎኑ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ይረፍ። ወይም ቅስት ይሠራ፤ የቅስቱ ድንጋዮች ግን ወደ መሃል እየጠበቡ የተቆረጡ ይሁኑ። ከመስኮቱ ሥር የሚገባው ድንጋይ ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ከሆዱ ጎድጎድ ያለ መስመር ይኑረው፤ ውሃው እዚያ ላይ ተቋርጦ ይንጠባጠባል እንጂ ግድግዳውን ይዞ አይወርድም።

የመስኮቱ ጥልቀትም ይናገራል። ወፍራም ግንብ ላይ መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ጥላ ይጥላል። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ ፍሬሙን ወደ ውስጠኛው ፊት አስገብቶ ድንጋዩን በጎኖቹ አዙሮ ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ከልባሱና ከሞርታሩ ጋር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይገኛል። ይህ ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ ትልቅ የሆነ ሥራ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን መስኮቱ ከተገጠመ በኋላ ሊታረም የማይችል መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ ከድንጋዩ ግዢ ብዙ ወራት ቀድሞ መወሰን አለበት።

ከሶሌታ፣ ማለትም ከፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳና የፎቅ ግድግዳ ላይ ድንጋይ ባይለጠፍ እመርጣለሁ። ከሥሩ አየር ብቻ ያለበት ግንብ በእውን ስለማይኖር የቀረውን ቤት ሁሉ ያጋልጣል። አደጋም አለው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋማ ድንጋይ በካሬ ሜትር 70 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። ከመሬት ርቆ የሚወጣ ልባስ በሞርታር ብቻ መታመን የለበትም፤ ከግድግዳው ጋር በማይዝግ ብረት ይታሰር።

ድንጋይ በሕግ የታዘዘባት ከተማ ይህን ሁሉ በራሷ ግድግዳ ላይ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1918 የኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ወታደራዊ ገዥ የነበረው ሮናልድ ስቶርስ በከተማዋ በልስንና በቆርቆሮ መሥራትን ከለከለ፤ ድንጋይ የከተማዋ መልክ ሆኖ እንዲቀጥል አደረገ። የኛ ሰዎች የሚሳለሙት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፣ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያለችው፣ ከዚህ ደንብ አስቀድሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ የታነጸች ናት። ደንቡ ጸና፤ አሠራሩ ግን ተለወጠ። ግድግዳው ኮንክሪት ሆነ፣ ድንጋዩም እየሳሳ ሄዶ ልባስ ሆነ። በዚያች ከተማ የሚኖር ሰው አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማየት ይችላል። ቀለማቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ያለው በማዕዘኑ፣ በመስኮቱ ጥልቀትና ድንጋዩ በአየር ላይ በሚንጠለጠልበት ቦታ ነው። ድንጋይ ማዘዝ ቀላል ነው፤ አካካቡን ግን ደንብ ብቻውን አያስተምርም።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ባልቲሞር ድረስ ቢሄድ ሌላ ትምህርት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1937 አልበርት ናይት የተባለ ሰው ፎርምስቶን የተባለውን አሠራር በፓተንት አስመዘገበ። በጡብ የተሠሩ ተያያዥ ቤቶች ላይ ቀለም የገባበት ሲሚንቶ በንብር ይለሰንና ድንጋይ እንዲመስል መስመር ይወጣለታል። ብዙ ሺህ ቤት ለበሰው። ዛሬ ብዙዎች ከፍለው ያስነሱታል፤ ከሥሩ ያለው ጡብ ከላዩ ካለው «ድንጋይ» የተሻለ ሆኖ ስለተገኘ።

ይህን ሳነብ የኛ ቤቶች መሠረት ትዝ ይለኛል። በአገራችን አብዛኛው የብሎኬት ቤት ከብሎኬቱ ሥር እውነተኛ የድንጋይ ግንብ አለው። ግማሽ ሜትር ይወፍራል፣ ከመሬት በላይም ብቅ ይላል፣ በግንበኛ እጅ የተካበ ነው። ይህንን ግንብ ለስነን ቀለም እንቀባውና ከላዩ ያለው ብሎኬት ላይ ስስ ድንጋይ እንለጥፋለን። እውነተኛው ተሸፍኖ የሚያስመስለው ይታያል። ከመጀመሪያው የመሠረቱ ግንብ የሚታየው ፊት ጥርብ እንዲሆን ለግንበኛው መንገር በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣው ልባስ ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ይሁን፣ ከታች ያለው ትልቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ እያነሰ። ቤቱ ከመሬት የወጣ ይመስላል፤ ቢያንስ በሥሩ በኩል እውነት ነውና።

የውሃ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። መሠረቱ ልስን ሆኖ የቀረበት ቤት ላይ ልባሱ እስከ አፈሩ ድረስ እንዲወርድ ዐይን ይፈልጋል፤ ድንጋይ ከመሬት አሥር ሳንቲ ሜትር ተነስቶ ሲጀምር የተንጠለጠለ ይመስላል። ነገር ግን አፈር የሚነካ ስስ ልባስ እርጥበት እየሳበ ከጀርባው ሞርታሩን ያላቅቀዋል። ለዚህም ነው የሲሚንቶ ድንጋይ አምራቾች ከአፈር አሥር፣ ከተነጠፈ ወለል አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል የሚሉት። ሁለቱን ማስታረቂያው የታችኛውን አንድ ረድፍ ወፍራም ጥቁር ድንጋይ ማድረግ፣ ዙሪያውን ጠጠር ማፍሰስና መሬቱን ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ማድረግ ነው።

መጋጠሚያው ላይ የምንሠራውን ነገር ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በድንጋዮቹ መካከል ሲሚንቶ ጎብጦ እንዲወጣ ይደረግና ጥቁር ወይም ነጭ ቀለም ይቀባል። ግድግዳው ላይ መረብ የተጣለበት ይመስላል። ዐይን መስመሩን እንጂ ድንጋዩን አያይም። መጋጠሚያው ከድንጋዩ ፊት ግማሽ ወይም አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ቀለሙም የአሸዋው ይሁን። ከድንጋዩ ቀለም ጋር የሚቀራረብ አሸዋ መምረጥ፣ ሲሚንቶውን መቀነስና ኖራ መጨመር ድምቀቱን ያለሰልሰዋል። ሞርታሩ ገና ሳይደርቅ፣ ጣት ሲጫነው ምልክት በሚይዝበት ሰዓት፣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። ያኔ የአሸዋው ቅንጣት ወጥቶ ይታያል፣ ዳሩም ይለሰልሳል። ድንጋዩ ላይ የተረጨው ሲሚንቶ ደግሞ በዚያው ዕለት ይወገድ፤ ካደረ በኋላ በአሲድ ማጠብ ይመጣል፣ አሲዱም የአሸዋማ ድንጋይን ቀለም ሊያበላሽ ይችላል።

የሲሚንቶ ድንጋይ ለሚጠቀም አንድ ምክር። የቅርጽ ማውጫው የተወሰነ ስለሆነ አንድ ዓይነት «ድንጋይ» በአንድ ግድግዳ ላይ ደጋግሞ ይመጣል። ከሦስትና ከአራት ካርቶን በአንድ ጊዜ እያወጡ ማደባለቅ፣ መንትያ ቁርጥራጮችን ማራራቅና አንዳንዱን በመዶሻ ጠርዙን መስበር ይገባል። አራት ድንጋዮች በአንድ ነጥብ ላይ የመስቀል ቅርጽ ሠርተው እንዳይገናኙ፣ ቀጥ ያለ መጋጠሚያም ከሁለት ረድፍ በላይ እንዳይሄድ ግድግዳውን ወደ ኋላ አሥር እርምጃ እየራቁ ማየት ያስፈልጋል። ከሥሩ ቆሞ የሚለጥፍ ሰው ይህን አያየውም፤ ለዚህ ሲባል ሥራው በየሰዓቱ ቢቋረጥ ጊዜ ባከነ አይባልም።

ከሥራው ቀን በፊት ድንጋዩ መሬት ላይ ይደርደር። ማዕዘኖቹ ይቅደሙ፣ ከዚያ የመስኮት ዙሪያ፣ ከዚያ ትልልቆቹ፣ መጨረሻ ላይ ሙሌቱ። ሲለጠፍም በዚያው ቅደም ተከተል። የብሎኬቱ ግድግዳ በሸካራ የሲሚንቶ ርጭት ይዘጋጅ፣ የድንጋዩ ጀርባ ላይ ያለው የማሽን ዱቄት በውሃ ይታጠብ፤ ዱቄቱ ካልታጠበ ሞርታሩ የሚይዘው ዱቄቱን ነው። የድንጋዩ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ሞርታር ይቀባ፤ ባዶ የቀረ ኪስ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ቱንቢውም ውሃ ልኩም ከእጅ አይለዩ። ሲያልቅ ግድግዳው ቢያንስ ለሦስትና ለአራት ቀን ውሃ እየጠጣ ይሰንብት፤ ፀሐይ የሚመታው ጎን ላይ እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት።